ሥራ ሳይፈቱ መልእክት ስለ መጠበቅ



ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከዚህ አገር ኑሮ የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ጉዳዩም በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የዌብሶኬት ክላየንት እንዴት እንደሚሠራ፣ ማለትም በሩቅ ካለ ሰርቨር ጋር መስመር ከፍቶ፣ መልእክት በመጣ ጊዜ የሚቀበል፣ ባልመጣም ጊዜ ሌላ ሥራውን ሳያቋርጥ የሚጠብቅ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጻፍ ማስረዳት ነው። ነገር ግን በተከዜና በጸላሪ ሸለቆዎች መካከል ለሚኖር ሕዝብ መልእክት በጊዜው መድረሱና አለመድረሱ የእህልና የመድኃኒት፣ አንዳንድ ጊዜም የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ የኖረ ስለሆነ፣ ይህን ጥበብ ለማስረዳት ከዋግ ኽምራዋ ከተማ ከኒሯቅ የተሻለ ስፍራ አላገኝም።

የዋግ ሹሞች መቀመጫ ከነበረችው ከሰቆጣ ወደ ቤተ መንግሥት የሚላክ ደብዳቤ በቀደመው ዘመን በመልእክተኛ እግርና በበቅሎ ጉልበት የሚደርስ ነበር። ላኪው ደብዳቤውን በማኅተሙ አጽንቶ ከሰጠ በኋላ፣ መልሱ እስኪመለስ ድረስ ፍርዱን ይፈርዳል፣ ግብሩን ያስገባል፣ እርሻውን ያሳርሳል እንጂ እጁን አጣጥፎ መንገድ መንገዱን ሲያይ አይከርምም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የስልክ መስመር ማሠራት ከጀመሩ ወዲህ ግን የመልእክት ፍጥነት ሲለወጥ የመጠበቅም ጠባይ አብሮ ተለወጠ፤ በስልክ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ሥራቸውን ትተው ጆሯቸውን ለመስመሩ መስጠት ግድ ሆነባቸው። የዛሬው የኮምፒዩተር ጥበብ ከስልኩ ፍጥነቱን፣ ከደብዳቤው ዘመን ደግሞ ሥራ ሳይፈቱ መጠበቅን ወስዶ ሁለቱን ለማዋሐድ ይጥራል። በባለሙያዎች ዘንድ አሲንክሮነስ እየተባለ የሚጠራው አሠራር ይኸው ነው።

ድረ ገጽ የሚመላለስበት የቀደመው ሥርዓት፣ ኤችቲቲፒ የሚባለው፣ ጠያቂ ካልጠየቀ መላሽ የማይናገርበት ነው። ክላየንቱ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። አዲስ ነገር መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የሚፈልግ ፕሮግራም በየአምስት ሴኮንዱ «ነገር አለ ወይ?» እያለ መመላለስ ይኖርበታል፤ ይህም በየማለዳው ደጅ እየጠና «ዛሬስ ደረሰልኝ?» ሲል የሚውል ባለ ጉዳይ እንደሚያደርገው ያለ ነው፤ ባለ ጉዳዩ እግሩን ያደክማል፣ ጸሐፊው «ገና ነው» ማለት ይሰለቸዋል፣ ጉዳዩ በተፈጸመበትና ባለ ጉዳዩ በሰማበት ሰዓት መካከልም አንድ ሌሊት ያልፋል። በዚያም ላይ እያንዳንዱ ጥያቄ በራስጌው የሚሸከመው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ባይት ስለሚሆን፣ የሞባይል ዳታ ለሚገዛ ሰው «ገና ነው» የምትለዋ ባዶ መልስ እንኳ ገንዘብ ታስከፍላለች።

ሳይጠየቁ የመንገርን ጥቅም በአገራችን በግልጽ ያሳየ አንድ ተቋም አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2008 በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሥራ ሲጀምር፣ ከሠራቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ በአዲስ አበባ የተቆረጠውን ዋጋ በየገበያ ከተማው በተተከለ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ ማሳየቱ ነው። ቀድሞ የሰሊጡንና የቡናውን ዋጋ ከራሱ ከገዢው አፍ ብቻ ይሰማ የነበረ ገበሬ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ማንንም ሳይጠይቅ ዋጋውን ማንበብ ቻለ። በስልክ ደውሎ ዋጋ መጠየቅም ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ነገር ግን የሚደውል ሰው የሚያውቀው የደወለበትን ደቂቃ ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ ሰሌዳው ግን ዋጋው ሲለወጥ ራሱ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዳራሽ ውስጥ እጅ ለእጅ በመማታት ይፈጸም የነበረው ግብይት ወደ ኤሌክትሮኒክ መድረክ መዛወር ሲጀምርም፣ ዋጋው ሳይጠየቅ ለሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስ የማድረግ ነገር ይበልጥ የጸና ግዴታ ሆነ። ሰሌዳው የሚሠራው በዌብሶኬት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰሌዳዎቹ ሲተከሉ ያ ሥርዓት ገና ሕጉ አልወጣለትም ነበር። እኔ የማሳየው ዌብሶኬት የመለሰው ጥያቄ ቀድሞም በእኛ ገበያ ውስጥ የነበረ መሆኑን ነው።

ዌብሶኬት የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ ሥርዓቱን የሚደነግገው ሰነድ፣ አርኤፍሲ 6455፣ በታኅሣሥ 2011 ታተመ። ሥርዓቱ አሮጌውን መንገድ አያፈርስም፤ በአሮጌው ይጀምርና ወደ አዲሱ ይሻገራል። ክላየንቱ በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም የኤችቲቲፒ ጠያቂ ሆኖ ይቀርብና «ንግግራችንን ወደ ዌብሶኬት ለውጥልኝ» ይላል፤ ከጥያቄውም ጋር በዕጣ የወጡ 16 ባይቶችን ወደ ፊደል ለውጦ፣ 24 ምልክት ያለው ቁልፍ አድርጎ ይልካል። ሰርቨሩ በዚህ ቁልፍ ላይ በሕጉ የተወሰነውንና በዓለም ሁሉ አንድ የሆነውን 36 ምልክት ያለው ሐረግ ይጨምርበታል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሻ-1 በሚባለው ስሌት ይቀምራል፣ የወጣውንም 20 ባይት መልሶ ወደ ፊደል ለውጦ፣ 101 ከሚለው የመልስ ቁጥር ጋር ይሰድዳል። ክላየንቱም ያንኑ ስሌት በራሱ ሠርቶ ከመጣለት ጋር ያስተያያል፤ ከተስማማ መስመሩ ተከፈተ ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን እንደ ምሥጢር ቃል ይቆጥሩታል፤ እንዲህ አይደለም። ሐረጉ በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ ማንንም ከማንም አይጠብቅም። የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በዚያ በኩል ያለው ዌብሶኬትን በእውነት የሚያውቅ ሰርቨር እንጂ ያልገባውን ጥያቄ በዘፈቀደ የሚመልስ ሌላ ማሽን አለመሆኑን ነው። ምሥጢርን የሚጠብቀው መስመሩን ከሥር የሚሸፍነው ቲኤልኤስ ነው፤ የሕሙማንን መዝገብ የሚያስተላልፍ ሰው ያለ እርሱ አንዲት ቃል እንኳ መላክ አይገባውም።

መስመሩ ከተከፈተ በኋላ መልእክት በምን መልክ እንደሚሄድ በቅርብ ለማየት፣ የዚችን ከተማ ስም እንላክ። ኒሯቅ በዐይናችን ሦስት ፊደል ናት፤ ጃቫስክሪፕትንም ርዝመቷን ብትጠይቁት ሦስት ብሎ ይመልሳል። ወደ መስመሩ ስትወጣ ግን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ሥርዓት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ዘጠኝ ባይት ትሆናለች፤ ኒ 225፣ 138፣ 146 ትሆናለች፤ ሯ 225፣ 136፣ 175፤ ቅ ደግሞ 225፣ 137፣ 133። በእነዚህ ፊት የሚቀድመው የመጀመሪያው ባይት 129 ነው፤ ትርጉሙም መልእክቱ ጽሑፍ መሆኑንና በዚሁ ክፍል ሙሉ ሆኖ የሚያልቅ መሆኑን ማስታወቅ ነው። ሁለተኛው ባይት 137 ነው፤ በእርሱ ውስጥ ዘጠኝ የሚለው ርዝመትና መልእክቱ የተሸፈነ መሆኑን የሚናገር አንድ ቢት አብረው አሉ። ቀጥሎ በዕጣ የወጡ አራት የመሸፈኛ ባይቶች ይመጣሉ። ዕጣው 17፣ 203፣ 94፣ 6 ቢሆን፣ የኒ ሦስቱ ባይቶች ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጋር ቢት በቢት ተነጻጽረው 240፣ 65፣ 204 ሆነው ይወጣሉ፤ ሰርቨሩም ያንኑ ንጽጽር ደግሞ ሲሠራ ኒን መልሶ ያገኛታል። እንግዲህ የከተማዋ ስም ከነሙሉ ልብሱ በ15 ባይት ተጓዘ ማለት ነው፤ በቀድሞው መንገድ ለባዶ ጥያቄ ከሚባክነው ጋር ሲመዘን ቁጠባው ምን ያህል እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ይህ ሽፋን ክላየንት ወደ ሰርቨር በሚልከው ላይ ብቻ የሚደረግ ሲሆን፣ የታዘዘበትም ምክንያት በመንገድ መካከል ያሉ አሮጌ አስተላላፊ ማሽኖች መልእክቱን የኤችቲቲፒ ጥያቄ መስሏቸው እንዳይሳሳቱ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። ጃቫስክሪፕትን ብሬንደን አይክ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ሳለ በዐሥር ቀን ያህል መነሻውን እንደ ሠራው በሰፊው የታወቀ ነው። የተሠራው በድረ ገጽ ላይ ለሚደረጉ ጥቃቅን ነገሮች፣ ሰው ሲጫን ለመመለስ፣ ሲጽፍ ለማስተዋል ነበረና፣ ከጥንቱ ጀምሮ ጠባዩ ኢቨንት በመጠበቅ ላይ የተመሠረተ ሆነ። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ራየን ዳል ኖድ ጄኤስን ሲያወጣ ይህንኑ የመጠበቅ ጠባይ ከድረ ገጽ አውጥቶ ወደ ሰርቨር ሥራ አመጣው። የኖድ ጥበብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሠራል፤ ነገር ግን ከኔትዎርክ ወይም ከዲስክ መልስ የሚያስፈልገው ሥራ ሲገጥመው፣ መጠበቁን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይሰጥና «ሲመጣ ይህን አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። መልሱ ሲመጣ ወረፋ ይይዛል፤ ኢቨንት ሉፕ የሚባለው ዑደትም ከወረፋው አንድ በአንድ እያነሣ ያስተናግዳል። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይገባም።

ከዚህ የሚወጣው ታላቅ ሕግ፣ በወረፋው ላይ ያለ ማንኛውም ሥራ ቶሎ መጨረስ እንዳለበት ነው። አንድ ሰው በመልእክት መቀበያው ውስጥ ዐሥር ሴኮንድ የሚፈጅ ስሌት ቢያስገባ፣ በእነዚያ ዐሥር ሴኮንዶች ውስጥ መልእክት ቢመጣ የሚያነብ፣ ሰዓት ቢደርስ የሚሰማ፣ የሰርቨሩንም «አለህ ወይ?» የሚል የደኅንነት ጥያቄ የሚመልስ አይገኝም፤ ሰርቨሩም ክላየንቱ ሞቷል ብሎ መስመሩን ሊዘጋው ይችላል። ብዙ ሰዎች አሲንክሮነስ ማለት ፈጣን ማለት ይመስላቸዋል። እኔ እንደማየው ግን ፍጥነቱ ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ጊዜ የሚገኝ ትርፍ ነው እንጂ ዋናው ነገር አይደለም፤ ዋናው ነገር በመጠበቅ የሚጠፋውን ጊዜ ለሌላ ሥራ ማዋል ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ይህ ሁሉ ኮልባክ በሚባለው «ሲመጣ ይህን አድርግ» በሚል ትእዛዝ ይጻፍ ስለነበረ፣ አንዱ ትእዛዝ በሌላው ሆድ ውስጥ እየገባ ጽሑፉ ለማንበብ የሚያታክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ገና ለሚመጣ መልስ ቦታ የሚይዘው ፕሮሚስ ወደ ቋንቋው ሕግ ገባ፤ በ2017 ደግሞ አሲንክና አዌይት ተጨመሩ፤ በእነዚህም መጠበቅ ያለበት ፕሮግራም ከላይ ወደ ታች እንደ ተራ ጽሑፍ ሊነበብ ቻለ። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የጽሑፉ መልክ ቀጥ ማለቱ ከሥር ያለውን ወረፋ አላጠፋውም፤ ይህን የረሳ ጸሐፊ በዌብሶኬት ላይ ሁለት አደገኛ ስሕተቶች ያገኙታል፤ ሁለቱንም ተጠንቅቄ ልግለጻቸው፤ በመጻሕፍት ስለ እነርሱ በጥቂቱ ብቻ ሲነገር አያለሁና።

አንደኛው፣ መስመሩን ከፍቶ ወዲያው መቀበያውን ሳይሰቅል፣ በመካከል አዌይት ብሎ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ የተጠቃሚውን ስም ከፋይል ማንበብ፣ የሚጠብቅ ሰው የሚገጥመው ነው። እርሱ ፋይሉን በሚጠብቅበት ጊዜ ዑደቱ አልቆመም፤ ሰርቨሩ የመጀመሪያውን መልእክት ልኮ፣ መልእክቱም ደርሶ፣ ተቀባይ ጠፍቶበት ዝም ብሎ አልፎ ይሆናል። ስሕተት የሚያሳይ ጽሑፍም አይወጣም፤ መልእክቱ እንዳልተላከ ሆኖ ይቀራል። በፈጣን ኔትዎርክና በዝግተኛ ዲስክ ላይ አንድ ጊዜ ይታያል፣ ሌላ ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ ጸሐፊውን ብዙ ያደክመዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዌብሶኬቱ በተፈጠረበት በዚያው ቦታ፣ አንድም አዌይት ሳይገባ፣ ለመከፈት፣ ለመልእክት፣ ለስሕተትና ለመዘጋት የሚሆኑትን አራት መቀበያዎች ሁሉ መስቀል ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ረቂቅ ነው። ዌብሶኬት ከሥሩ ቲሲፒ የሚባለው የኔትዎርክ ሥርዓት ስላለ መልእክቶችን በተላኩበት ተራ ያደርሳል። ነገር ግን መቀበያው አሲንክ ሆኖ በውስጡ መዝገብ መጻፍን የሚጠብቅ ከሆነ፣ የመጀመሪያው መልእክት መዝገቡን ሲጠብቅ ሁለተኛው ገብቶ ቀድሞት ሊጨርስ ይችላል። የአንድ ፍየል ዋጋ በመጀመሪያ ከፍ ብሎ በኋላ የወረደ ቢሆን፣ መዝገቡ ላይ የሚቀረው ያለፈው ዋጋ ይሆናል፤ ሻጩም በሌለ ዋጋ ይዋዋላል። የአበርገሌን ፍየል ከኒሯቅ ገበያ አንሥቶ ወደ ሰቆጣ ለሚነዳ ነጋዴ ይህ የኮምፒዩተር ነገር ብቻ አይደለም፤ የኪሱ ነገር ነው። ስለዚህ መቀበያው መልእክቱን በራሱ ወረፋ ላይ አስቀምጦ ወዲያው መውጣት አለበት፤ ሌላ አንድ የፕሮግራሙ ክፍል ደግሞ ከዚያ ወረፋ አንዱን አንሥቶ፣ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሁለተኛውን ማንሣት አለበት። ወረፋው እየረዘመ የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ እንዳይሞላም ወሰን ሊበጅለት ይገባል።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ መስመሩ ደኅና ሲሆን ነው። በዋግ ኽምራ ግን መስመር ደኅና ነው ብሎ የሚጀምር ፕሮግራም ከመነሻው ተሳስቷል። መብራት ይሄዳል፤ ኔትዎርክ አንድ ጊዜ መጥቶ አንድ ጊዜ ይጠፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ደግሞ በዚህ ወረዳ ሕዝቡ ከቀዬው ተፈናቅሎ፣ ስልኩም መብራቱም ተቋርጦ እንደነበረ ከእናንተ ከነዋሪዎቹ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የክላየንትን ጥራት መመዘን የሚገባን መስመሩ በተበጠሰባት ቅጽበትና ከዚያ በኋላ በሚያደርገው ነው እላለሁ፤ መስመሩ ሲሠራማ መጥፎውም ደኅናውም አንድ ዓይነት ናቸው።

በመጀመሪያ መበጠሱን ማወቅ ያሻል፤ ይህም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። መብራት በድንገት ሲሄድ በዚያ በኩል ያለው ማሽን «ልዘጋ ነው» ብሎ ለመናገር ጊዜ አያገኝም። በዚህ በኩል ያለው ክላየንት የሚልከው ነገር ከሌለው፣ መስመሩ የሞተ መሆኑን ሳያውቅ ለሰዓታት ተስፋ አድርጎ ይቀመጣል። ለዚህ ሕጉ ፒንግና ፖንግ የሚባሉ ሁለት አጫጭር ምልክቶችን ሠርቷል፤ አንዱ «አለህ ወይ?» ሲል ሌላው «አለሁ» ይላል። በብራውዘር ውስጥ ያለ ጃቫስክሪፕት ግን ፒንግ የመላክ ሥልጣን አልተሰጠውም፤ ለመጣለት ፒንግም ብራውዘሩ ራሱ ይመልስለታል እንጂ ፕሮግራሙ አያየውም። እንግዲያውስ በብራውዘር የምትሠሩ ከሆነ፣ በተራ መልእክት መልክ የራሳችሁን የደኅንነት ጥያቄ በየ30 ሴኮንዱ መላክና መልሱ በተወሰነ ጊዜ ካልመጣ መስመሩን በራሳችሁ እጅ መዝጋት አለባችሁ።

ከተዘጋ በኋላ እንደገና መክፈት ይመጣል። ጀማሪ በተዘጋ ቁጥር ወዲያው ይከፍታል፣ አልከፈት ሲል እንደገና ወዲያው ይሞክራል፤ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየሞከረም የስልኩን ባትሪ ይጨርሳል። ይልቁንስ የመጀመሪያውን ሙከራ ከ1 ሴኮንድ በኋላ፣ ቀጥሎ ከ2፣ ከ4፣ ከ8፣ ከ16፣ እንዲህ እያለ እያጠፈ ሄዶ በአንድ ደቂቃ ላይ ማቆምና ከዚያ ወዲያ በየደቂቃው መሞከር ይሻላል። በዚህም ላይ የዕጣ ጊዜ መጨመር ግድ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ በሰቆጣ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ በከተማው ያሉ ክላየንቶች ሁሉ በአንድ ቅጽበት የተቋረጡ ስለሆኑ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ከቆጠሩ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ተመልሰው ይጎርፋሉ፤ ገና ከመሬት የተነሣው ሰርቨርም በዚያው ይወድቃል። ጊዜያቸው በዕጣ ሲበታተን ግን በተራ ይገባሉ።

አሁን ደግሞ ለዚህ አውራጃ ከሁሉ የቀረበውን ላንሣ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ስም የገባው ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ለማጥፋት ነው። ይህ ዓላማ ያለ መረጃ አይደረስም፤ መረጃውም የሚጀምረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በጤና ኬላ ሕፃኑን አስተኝታ ርዝመቱን ስትለካ፣ በሚዛንም ላይ አድርጋ ክብደቱን ስታነብ ነው። ያች ባለሙያ የጻፈችውን ቁጥር በዌብሶኬት ወደ ወረዳ የሚያደርስ ክላየንት ከእናንተ ከወጣቶቹ አንዱ ቢሠራ፣ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ «ላክ» የሚለው ትእዛዝ ያለ ስሕተት መፈጸሙ መልእክቱ ደረሰ ማለት አይደለም። ትእዛዙ ባይቶቹን በመላኪያው ቋት ውስጥ አስቀምጦ ወዲያው ይመለሳል፤ መስመሩ በዚያች ሰዓት ቢበጠስ በቋቱ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የዚያ ሕፃንም ክብደት እንዳልተለካ ይቆጠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልኬት ከመላኩ በፊት በስልኩ መዝገብ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት መጻፍ፣ ሰርቨሩ ያንን ቁጥር ጠርቶ «ተቀብያለሁ» እስኪል ድረስም ከመዝገቡ አለመሰረዝ አለበት። መስመሩ ሲመለስ ያልተመለሰላቸው ሁሉ ደግመው ይላካሉ። በዚህ ጊዜ ግን ልኬቱ ቀድሞ ደርሶ የጠፋው «ተቀብያለሁ» የሚለው መልስ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ሰርቨሩ አንድን መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢያይ እንደ አንድ መቁጠር ይገባዋል። ይህ ካልተደረገ አንድ ሕፃን ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ አልሚ ምግብ የሚታደለውም በዚያው ቁጥር ነው።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ በኮምፒዩተር ዓለም ርስቱን አግኝቷል፤ በአገው ቋንቋዎች የአፍንጫ ድምፅ ለመጻፍ የሚያገለግለው ጘ እንኳ ቦታ አለው፤ ስለዚህ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኽምጣናም አማርኛም በአንድ መስመር ላይ እኩል ይሄዳሉ። ነገር ግን ከዌብሶኬት በታች ወርዶ በኖድ የራሱን ክላየንት ከቲሲፒ ጀምሮ የሚሠራ ተማሪ፣ ባይቶቹ በመጡበት ቁራጭ በቁራጭ ወደ ጽሑፍ ከለወጣቸው፣ ቁራጩ ከሦስቱ ባይቶች በሁለተኛው ላይ ሊያበቃ ይችላል፤ ያን ጊዜ በፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ሰሌዳ ይታያል። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ በዚያ ቋንቋ ብቻ የፈተነ ሰው ይህን ስሕተት በዕድሜው አያየውም፤ እኛ ግን በመጀመሪያው ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር ላይ እናየዋለን። ስለዚህ ባይቶቹ መልእክቱ ሙሉ እስኪሆን ተጠራቅመው በአንድ ጊዜ መለወጥ አለባቸው፤ ወይም የተረፈውን ባይት እስከሚቀጥለው ቁራጭ የሚያቆይ ለዋጭ መጠቀም ነው፤ ኖድም ይህን የሚያደርግ መሣሪያ በውስጡ አለው።

ለመጀመር ብዙ ነገር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ከኖድ 22 ጀምሮ የዌብሶኬት ክላየንት ከራሱ ከኖድ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ለክላየንቱ ሌላ ነገር ከኢንተርኔት ሳያወርዱ፣ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሰርቨሩንም ክላየንቱንም አድርጎ መማር ይቻላል፤ ለሰርቨሩ ብቻ አንድ ትንሽ ላይብረሪ ቀድሞ ማምጣት ይበቃል። በዚያው ዓመት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያውን በር ከፍቷል፤ እኔ የምመኘው ከዚያ በር የገቡት ሁሉ ቀጥለው መስመር በሌለበት እንዴት እንደሚሠራ እንዲማሩ ነው። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ስትፈትኑ ፕሮግራሙ መልእክት ሲቀበል አይታችሁ ብቻ ማርክ አትስጡ፤ በመካከል ሰርቨሩን አጥፉባቸው፣ ዋይፋዩን ንቀሉባቸው፣ ላፕቶፑን ከድናችሁ ቆይታችሁ ክፈቱባቸው፣ ከዚያ በኋላ መዝገቡን ክፈቱና የተላከውን ከደረሰው ጋር ቁጠሩ።

በዚህ ፈተና ላይ ሁለት የመዝጊያ ቁጥሮችን እንዲለዩ አድርጉ። መስመሩ በስምምነት ሲዘጋ የሚመጣው 1000 ነው፤ ዘጊው ወገን ምክንያቱን በጽሑፍ ሊጨምርበት ይችላል፣ ለዚያም የተፈቀደው 123 ባይት ስለሆነ በእኛ ፊደል 41 ፊደል ብቻ ይገባበታል፤ ምክንያቱን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከዚህ እንዳያልፍ ይቁጠር። ሁለተኛው 1006 ነው፤ ይህ ቁጥር በመስመሩ ላይ ፈጽሞ አይጓዝም፤ ሰላምታ ሳይለዋወጡ መለያየታቸውን ክላየንቱ ለራሱ የሚናገርበት ነው። 1000 ሲመጣ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ሊያርፍ ይችላል። 1006 ሲመጣ ግን ያልተመለሰላቸውን ልኬቶች በመዝገቡ እንዳሉ ትቶ፣ ለተጠቃሚዋ «ኔትዎርክ የለም፤ የጻፍሽው ተቀምጧል» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ፣ መለካቷን እንድትቀጥል ቅጹን ክፍት አድርጎ፣ የ1 ሴኮንዱን ቆጠራ መጀመር አለበት።